አህያ የት ተገራች? ስንት ጊዜስ?

አሊዩ አምባን የገበያ ከተማ ያደረጋት አቀማመጧ ነው። ከአንኮበር ገደል ሥር፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል ባለው ወገብ ላይ ናት። በድሮው ዘመን ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ጨውና ጨርቁን በግመል ጭኖ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ እዚህ አካባቢ ሲደርስ ግመሉ ሥራውን ይጨርስ ነበር፤ ከዚያ ወደ ላይ ያለው ዳገት ለግመል አይመችም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ በ1841 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚሁ በር ነው። በዓመቱም ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ ተጓዥ በከተማዋ ወራት ተቀምጦ ስለ ገበያዋና ስለ ነዋሪዋ ጽፏል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራውና የሐረሩ ነጋዴ እዚህ ይገናኙ ነበር። ወደ ደጋው የሚወጣው ጭነት ግን የሰው ትከሻ፣ የበቅሎና የአህያ ጀርባ ድርሻ ነው።

ከሦስቱ ተሸካሚዎች ታሪክ ጸሐፊ ዞር ብሎ ያላያት አህያ ናት። በቅሎ የሹም መቀመጫ ስለሆነች ስሟ በየዜና መዋዕሉ ይነሣል። አህያ ግን ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ማንም ያልጠበቀላት ታሪክ ጸሐፊ አግኝታለች፤ የዘረመል ተመራማሪው። ጥያቄው አጭር ነው። ይህች እንስሳ ከዱር ወጥታ የሰው ጭነት መሸከም የጀመረችው የት ነው? የተገራችውስ አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ? መልሱ አጭር አልሆነም። ተሟጋቾቹ በሁለት ወገን ቆመዋል፤ ከሁለቱም ዘንድ የሚናቅ ማስረጃ የለም።

መነሻው የአፍሪካ የዱር አህያ መሆኑ ብዙም አያከራክርም። የዱር አህያ ስል የሜዳ አህያ የምንላት ዥንጉርጉሯ አይደለችም፤ አመዳም ቀለም ያላት፣ በበረሃ የምትኖር፣ ከለማዳዋ ረዘም የምትል ሌላ ናት። በታሪክ የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። የኑቢያው ከአትባራ ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ ባለው ምድረ በዳ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ፈጽሞ የጠፋ ይመስላል። የሶማሌው በኢትዮጵያና በኤርትራ የደናክል በረሃ በጣት የሚቆጠር ቀርቷል። በእኛ በኩል ሰርዶ አካባቢ ያለውን ፋኑኤል ከበደና ፓትሪሺያ ሞልማን ለዓመታት ተከታትለውታል። ከአንኮበር ጫፍ ወደ ምሥራቅ የሚታየው ሜዳ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የሚያደርሰው እዚያው ነው።

ሁለቱን በመልክ መለየት ይቻላል። የኑቢያው ትከሻው ላይ ጥቁር መስመር ወርዶ ከጀርባው መስመር ጋር መስቀል ይሠራል፤ የሶማሌው ደግሞ እግሮቹ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው። በአሊዩ አምባ በገበያ ቀን ከታሰሩት አህዮች መካከል መስቀሉ ያላት ብዙ ናት፤ እግሯ ላይ ቀለበት የሚታይባትም አልፎ አልፎ አትጠፋም። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ለማዳዋ አህያ የሐበሻ የዱር አህያ ልጅ መሆኗን ሲጽፍ እንዲህ ያለውን የእግር ቀለበት በማስረጃነት ቆጥሮት ነበር። መልክ ግን ደካማ ምስክር ነው። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አመዳሙ ቀለም ጠፍቶ አህያዋ ወጥ ጥቁር ወይም ወጥ ቡናማ የምትሆነው ቲቢኤክስ3 ከተባለ ጂን አጠገብ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ስትጎድል ነው። አንዲት ፊደል የምትለውጠውን ነገር ይዞ ስለ ዘር ግንድ መሟገት አያዋጣም።

ስለዚህ ሙግቱ ወደ ዲኤንኤው ገባ። መጀመሪያ የቀረበው ምስክር የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነበር፤ ይህ ከእናት ብቻ የሚወረስ፣ አጭርና ለማንበብ ርካሽ የሆነ ክር ነው። ጉድለቱን ለመረዳት በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ማለቷን ማስታወስ ይበቃል። የበቅሎን ማይቶኮንድሪያ የመረመረ ሰው ባዝራዋን ያገኛል፤ አህያው አባቷ ከመዝገቡ የለም። በቅሎዋ አልዋሸችም፤ ግማሹን ብቻ ተናገረች።

አልባኖ ቤጃ-ፔሬራና ባልደረቦቹ በ2004 ከ52 አገሮች የተሰበሰቡ አህዮችን የእናት መስመር አነበቡ። የዓለም አህዮች በሁለት እናት ቤት ተከፍለው ተገኙ። ሁለቱም አፍሪካዊ ናቸው፤ የእስያ የዱር አህያ ከሙግቱ ወጣ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የተለያዩት ሰው ማንኛውንም እንስሳ ከመግራቱ ረጅም ዘመን በፊት ነው። አንዱ ቤት የኑቢያውን፣ ሌላው የሶማሌውን ይቀርባል ተባለ። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ቀላል ነው፤ ሁለት የዱር ዓይነት፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ጊዜ መግራት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢርጊታ ኪሙራና ባልደረቦቿ በሙዚየም ከተቀመጡ ቆዳዎችና ከቁፋሮ ከወጡ አጥንቶች ጥንታዊ ዲኤንኤ አውጥተው ነገሩን አወሳሰቡት። የመጀመሪያው ቤት የኑቢያው ልጅ መሆኑ ጸና። ሁለተኛው ግን የሶማሌው አይደለም። በደናክል ያሉት የዱር አህዮች ዘመድ እንጂ እናት አልሆኑም። እናቲቱ ማንም ያላወቃት፣ ምናልባትም ከምድር የጠፋች ሌላ የዱር አህያ ናት። ሁለቴ የሚሉት ወገኖች በዚህ ሁለተኛውን እናት በስም መጥራት አቃታቸው፤ ሁለት መሆናቸው ግን ይበልጥ ጸናላቸው። የዚህን ወገን ሙግት ቀለል አድርጎ ማለፍ ስህተት ይመስለኛል። ያን ያህል የተራራቁ ሁለት የእናት መስመሮች በዓለም ዙሪያ ባሉ ለማዳ አህዮች ውስጥ ጎን ለጎን መኖራቸው ማብራሪያ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በ2022 ኤቭሊን ቶድና ሉዶቪክ ኦርላንዶ ከብዙ አገር ባልደረቦች ጋር ከፈረንሳይ ቱሉዝ ያወጡት ጥናት ሚዛኑን ወደ ሌላ ወገን ጎተተው። ያነበቡት የእናት ክር ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤውን በሙሉ ነው፤ የ207 የዛሬ አህዮችና የ31 ጥንታውያን። ከዚህ የወጣው የዘር ዛፍ አንድ ግንድ አለው። ከሥሩ ቀድመው የሚለዩት የአፍሪካ አህዮች ናቸው፤ ግንዱ ወደ ኬንያና ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመለክታል። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 5000 ዓመት ገደማ፣ ሰሐራ መድረቅ በያዘበት ዘመን ነው። ሣርና ውኃ ሲራራቅ ሩቅ የሚሄድና ጥም የሚችል ተሸካሚ አስፈለገ ይላሉ ደራሲዎቹ። ከዚያ ዘሯ ወደ ሰሜን ተሠራጨ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ ወደ እስያ ተሻግራለች። የዛሬዎቹ ፈረሶች የዘር ግንድ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን መስፋፋት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 2200 ገደማ መሆኑን ላነበበ ሰው፣ አህያ በሥራ ልምድ ፈረስን በሦስት ሺህ ዓመት ያህል ትቀድመዋለች ማለት ነው። ይህን በፈረስ ለሚኮሩ ሰዎች መንገር ደስ ይላል።

ሁለቱ እናት ቤቶችስ የት ገቡ? አንዴ የሚለው ወገን መልስ አለው፤ ለእኔም አሳማኝ ነው። አንድ መንጋ ሁለት የእናት መስመር ሊይዝ ይችላል። አርብቶ አደር አህያዋን ቀንና ሌሊት በበረት አይዘጋባትም፤ ሜዳ ትውላለች፣ ዱር ታድራለች። የዱሩ ወንድ ይደርስባታል፤ የዱር ሴትም ከመንጋው ጋር ትቀላቀላለች ወይም ትያዛለች። ፊዮና ማርሻልና ባልደረቦቿ በ2014 ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ አህያ ከዱር ዘመዶቿ ጋር መዋለዷን ለብዙ ሺህ ዓመታት አላቋረጠችም፣ ባለቤቶቿም እንድታቋርጥ ብዙ አልጣሩም። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛዋ እናት ሁለተኛ የመግራት ታሪክ አያስፈልጋትም፤ በጎን በር ገብታ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ያው ጎን በር የአንዴን ወገን ሌላ ክንፍ ይመታል። የምሥራቅ አፍሪካ አህዮች ከሥሩ ቀድመው መለየታቸውና የዘር ብዛታቸው የመነሻ ምልክት ነው የሚባለው፣ መነሻ አካባቢ የቀረው ዘር ብዙ ጊዜ ከተሰደደው ይልቅ ዓይነቱ ስለሚበዛ ነው። ይህ ለብዙ ፍጡር ይሠራል፤ ለሰውም ሠርቷል። የአፋርና የሶማሌ አህዮች ግን አጠገባቸው የዱር አህያ የነበራቸው እስከ ትናንት፣ በአፋርማ እስከ ዛሬ ነው። ልዩ የሆኑት ቀድመው ስለለመዱ ነው ወይስ ዘግይተው ከዱር ስለተዋለዱ? ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት የስሌት መንገድ አላቸው፤ የዱር ደም ያለበትን የጂኖም ክፍል ፈልገው ያነጥላሉ። ለማነጠል ግን የዱሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የኑቢያው የለም፤ ያቺ ስሟ ያልታወቀው እናት ደግሞ ጭራሽ አልታየችም። ያልታየ ዘመድ የሰጠውን ደም ማነጠል እንዴት ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሌላው ችግር የጊዜ ነው። ከ31ዱ ጥንታውያን አህዮች በዕድሜ የሚበልጡት ከቱርክ፣ አጀምሆዩክ ከተባለ ቦታ የተገኙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 4500 ዓመት ያህል ነው። ከተባለው የመግራት ዘመን በ2500 ዓመት ይዘገያሉ፤ ከአፍሪካም ውጭ ናቸው። ስለዚህ 5000 የሚለው ቁጥር ከአጥንት የተነበበ ሳይሆን ከስሌት የወጣ ነው። ስሌቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዲኤንኤ በትውልድ ስንት ፊደል እንደሚለውጥና አንድ ትውልድ ስንት ዓመት እንደሆነ። ውርንጭላ በስንት ዓመቷ እንደምትወልድ በበረሃና በሰው ቤት አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ የተሳሳተ ሰው ውጤቱን በመቶዎች ዓመታት ሊያንሸራትተው ይችላል።

አጥንት ቆፋሪዎቹ ደግሞ ዓይናቸው ግብፅ ላይ ነው። በናይል ሸለቆ የአህያ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአምስተኛው ሺህ ዓመት ጀምሮ በሰው መኖሪያ ይገኛል። በጣም የሚደንቀው በአቢዶስ የተገኘው ነው። በ3000 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ፣ ከአንድ ጥንታዊ ንጉሥ የመቃብር ግቢ አጠገብ፣ አሥር አህዮች በጡብ በተሠራ መቃብር በክብር ተቀብረዋል። አጥንታቸው ሲመረመር ቁመናቸው ከዱሩ ብዙም አልተለየም፤ የጀርባ አጥንታቸው ግን በጭነት ተጎድቷል። ሸክም ተሸክመዋል፣ መልካቸው ግን ገና አልተለወጠም። ይህ ግኝት ለግብፅ ወገን ኩራት ቢሆንም ለክርክሩ ግን ሁለት አፍ ያለው ነው። ለማዳዋ አህያ ከተገራች ከብዙ ዘመን በኋላም ከዱሯ በመጠን የማትለይ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የወጡ አጥንቶችን የታደነች አህያ ናቸው ወይስ የተጫነች ብሎ መለየት በግብፅም ሆነ በእኛ አገር አጠራጣሪ ይሆናል።

ከእኛ በኩል ያለው የአጥንት መዝገብ ድሃ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይጠቅምም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ጥንታዊ የሚባለው የአህያ አጥንት በትግራይ መዝበር ከተባለ ቦታ የወጣ ሲሆን፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ነው፤ ከአቢዶስ በሁለት ሺህ ዓመት ያህል ይዘገያል። የግብፅ ወገን ይህን እየጠቆመ ‘ታዲያ የቀድሞዎቹ አህዮቻችሁ የት አሉ?’ ቢል ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የእኛ ወገን መልስም ፍትሐዊ ነው፤ ናይል ዳር ሁለት መቶ ዓመት ተቆፍሯል፣ የአፋርና የሶማሌ ቆላ በዚህ ዘመን ላይ ያተኮረ ቁፋሮ የቀመሰው እዚህና እዚያ ነው። አፋር የሚቆፈረው ለሚሊዮን ዓመታት ሰው እንጂ ለሰባት ሺህ ዓመት አህያ አይደለም። በአፋርና በትግራይ መካከል የሚመላለሰውን የጨው ሲራራ ተከትላ ያጠናችው አርኪዮሎጂስት ሄሊና ወልደኪሮስ ያሳየችው ዓለምም እዚህ ይረዳል። የሲራራ ኑሮ በመንገድና በሰፈር ላይ ነው፤ አህያ በመንገድ ትሞታለች፣ ጅብ ይበላታል። መንደር የቆፈረ ሰው የሲራራ አህያን አጥንት ባያገኝ አይገርምም። ሆኖም አለመገኘቱን በሚገባ ማስረዳት መገኘቱን አይተካም።

እንዲህ ያለው የዘረመልና የአጥንት ሙግት የአህያ ብቻ አይደለም። በእንስሳት ዓለም ሥር ላይ ከሁሉም የሚልቀው አለ። ከእንስሳት ሁሉ ቀድሞ ከግንዱ የተለየው ስፖንጅ ነው ይባል ነበር፤ ነርቭም ጡንቻም የለውም። በ2008 ኬሲ ዳንና ባልደረቦቹ የዘረመል ንጽጽር አድርገው፣ ቀድመው የተለዩት ቴኖፎር የሚባሉት፣ በጎናቸው እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ፀጉሮች እያርገበገቡ የሚዋኙ ገላጣ የባሕር እንስሳት ናቸው አሉ። እነዚህ ግን ነርቭም ጡንቻም አላቸው፤ እውነት ከሆነ ነርቭ ሁለት ጊዜ ተፈጥሯል ወይም ስፖንጅ የነበረውን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ያንኑ ዓይነት የዲኤንኤ ፊደል በብዛት እየሰበሰቡ፣ አንዱ በዚህ የስሌት ሞዴል ስፖንጅ፣ ሌላው በዚያ ቴኖፎር እያለ ቀጠለ። በ2023 አዲስ ነገር የመጣው ፊደል ከመቁጠር ሳይሆን የትኞቹ ጂኖች በየትኛው ክሮሞሶም ላይ አብረው እንደተቀመጡ በመመልከት ነው፤ እሱም ወደ ቴኖፎር አዘነበለ፣ ሙግቱን ግን አልዘጋውም። የጊዜውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የዲኤንኤ ስሌት የእንስሳት ግንድ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበር ይላል፤ ብዙዎች የሚስማሙበት የእንስሳ ቅሪተ አካል ግን ከ575 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አያልፍም።  የስፖንጅንና የቴኖፎርን ሙግት ያነሣሁት አንድ ዓይነት ማስረጃ በእጥፍ ቢበዛ ሙግቱን ላይፈታው እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ሌላ ሁለት ሺህ የዛሬ አህያ ጂኖም ቢነበብ የአህያ ጥያቄ ብዙም አይንቀሳቀስም።

እንግዲህ የራሴን ሚዛን ልናገር። የ2022 ጥናት ሁለት ነገር አንድ ላይ ይላል፤ አንዴ ይላል፣ በምሥራቅ አፍሪካ ይላል። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። አንዴ የሚለው ጠንካራ ነው። ሙሉ ጂኖም ከእናት ክር ይልቅ ብዙ ምስክር አለው፣ ሁለቱን የእናት ቤቶች ደግሞ በመዋለድ ማስረዳት ይቻላል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚለው ከሌሎቹ ግምቶች የተሻለ ነው፤ ከዛሬ አህዮች የተነበበ ስለሆነ ግን በሰባት ሺህ ዓመት ውስጥ ማን ከየት ወደየት እንደተነዳ አያውቅም። ሲራራ አህያን ከናይል ወደ ቀንድ፣ ከቀንድ ወደ ናይል፣ ከየመን ማዶም ሲያመላልስ ኖሯል። ‘አህያ ኢትዮጵያዊት ናት’ የሚለው ንግግር ግን ከማስረጃው ቀድሞ የሄደ ነው። የዘር ዛፉ የሚያውቀው ቀንድንና ኬንያን ነው፤ ድንበር አያውቅም። በዓለም ከማንም በላይ አህያ ያለን መሆናችንም ስለ ዛሬው እርሻችንና ስለ መንገዳችን ይናገራል እንጂ ስለ መነሻዋ ምስክር አይሆንም።

ሙግቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥንታዊ ዲኤንኤ ነው፤ ከዚሁ አገር የወጣ። ሙቀት ዲኤንኤን ያጠፋዋል፤ የአፋር ሜዳ ለዚህ የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ነው። ደጋው ግን ተስፋ አለው። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው 4500 ዓመት ያህል የሆነው ሰው ሙሉ ጂኖሙ በ2015 ሲነበብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ጂኖም ነበር፤ የዋሻው ቅዝቃዜ ጠብቆታል። ችግሩ ቀዝቃዛው ደጋ የቀድሞዎቹ አህዮች መኖሪያ አለመሆኑ ነው፤ እነርሱ ቆላ ነበሩ። ከሁለቱ የሚስማማው ቦታ መካከሉ ነው፤ ከቆላው የመጣ መንጋ የሚደርስበት፣ ዋሻው ግን አጥንት ለማቆየት የሚቀዘቅዝበት የስምጥ ሸለቆው ገደል ጫፍ። የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደል ከእነዚህ አንዱ ነው። ከእንዲህ ያለ ዋሻ ስድስት ሺህ ዓመት የሞላት፣ ጀርባዋ በጭነት የተጎዳ፣ ጂኖሟም ከዛሬዎቹ አህዮች ሁሉ ሥር የሚቀመጥ አህያ ከወጣች የግብፅን ወገን መከራከሪያ አልሰማም። በተቃራኒው ያን ዕድሜ ያላት ከናይል ዳር ወጥታ ከምሥራቅ አፍሪካው ግንድ ውጭ ከቆመች ‘አንዴ’ የሚለውንም ‘በምሥራቅ’ የሚለውንም እተዋለሁ።